የስሌት ዕውቀትን ለብዙኃን የማድረስ ዘዴዎች፦ ከወላይታ አኳያ የቀረበ ዳሰሳ

ሒሳብና ኮምፒውተር ሳይንስ በዕለት ኑሮ ውስጥ ያላቸው ድርሻ እየሰፋ በመጣ መጠን፣ የእነዚህን ዘርፎች መሠረታዊ ሐሳቦች ባለሙያ ላልሆነ ሰው እንዴት ማስረዳት ይቻላል የሚለው ጥያቄ ከመማሪያ ክፍል ወጥቶ የሕዝብ ጥያቄ ሆኗል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በወላይታ ሶዶ ገበያ ቅቤና ቦሎቄ የሚሸጡ ነጋዴዎች ሳይቀሩ ገንዘብ በስልክ መቀበልን እየለመዱ መጥተዋል፤ ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ የዜጋውን የጣት አሻራ ወደ ቁጥር ለውጦ ይመዘግባል፤ መንግሥትም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በኮዲንግ፣ ማለትም ለኮምፒውተር የትእዛዝ ቅደም ተከተል በመጻፍ ሙያ፣ ለማሠልጠን ያለመ መርሐ ግብር ይፋ አድርጓል። በአንጻሩ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስሌት ኑሮን የሚመራበት ስፋትና ሕዝቡ ስለ ስሌት ያለው ግንዛቤ ምን ያህል እንደተራራቁ ከእነዚህ አኃዞች መረዳት ይቻላል፤ ይህን ርቀት ትምህርት ቤት ብቻውን ሊያጠብበው እንደማይችልም ግልጽ ነው።

ይህ ዳሰሳ ሒሳብንና ኮምፒውተር ሳይንስን ለሙያው ባዕድ ለሆነ ሰው ለማቅረብ በዓለም ዙሪያና በኢትዮጵያ የተሞከሩ መንገዶችን በየወገናቸው ከፍሎ ይመዝናል። የምዘናው ማዕከል ወላይታ ነው። በዳሞታ ተራራ ግርጌ የምትገኘው ሶዶ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ያላት፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር ማዕከል የሆነች ከተማ ናት፤ አካባቢዋም የራሱ የዘመን አቆጣጠር፣ የራሱ የሽመና ጥበብና በትምህርት ቋንቋ ጉዳይ ብርቱ የታሪክ ልምድ ያለው ነው። ከዳሰሳው የሚወጣው ዋና ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ የስሌት ዕውቀት ለብዙኃን የሚደርሰው ሰዎች ቀድሞውኑ ከሚሠሩት ስሌት ሲነሣ፣ በሚያስቡበት ቋንቋ ሲነገርና አንዱን እርምጃ ራሳቸው ሠርተው እውነትነቱን እንዲፈትኑ ዕድል ሲሰጣቸው ነው፤ ከእነዚህ ሦስቱ አንዱ ሲጎድል ግን የሚተርፈው አድናቆት እንጂ ዕውቀት አይደለም።

በባህል ውስጥ ያለው ስሌት

የመጀመሪያው ወገን በሕዝብ ልማድ ውስጥ ያለውን ስሌት መነሻ የሚያደርገው ነው። ብራዚላዊው ምሁር ኡቢራታን ድአምብሮዝዮ ይህን አቅጣጫ «ኢትኖማቴማቲክስ» ብለው ሰይመውታል፤ ትርጉሙም አንድ ማኅበረሰብ በሥራው፣ በጨዋታውና በእምነቱ የሚጠቀምበት የመቁጠር፣ የመለካትና የመንደፍ ዘዴ ጥናት ነው። ክላውዲያ ዛስላቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1973 የአፍሪካን የቁጥር ሥርዓቶች ሰብስበው ያሳተሙት መጽሐፍ፣ የሞዛምቢኩ የሒሳብ ሊቅ ፓውሉስ ገርደስ በቅርጫት ሥፌት ላይ ያካሄዱት ምርምር፣ እንዲሁም ሮን ኤግላሽ እ.ኤ.አ. በ1999 ራሱን በራሱ ውስጥ በትንሹ የሚደግም ቅርጽን በአፍሪካ ኪነ ጥበብ ውስጥ፣ የኢትዮጵያን መስቀሎች ጨምረው፣ ያሳዩበት ሥራ የዚህ አቅጣጫ ዋና ዋና መሠረቶች ናቸው።

በኢትዮጵያ ከዚህ ወገን በስፋቱም በዕድሜውም ቀዳሚ የሆነው ባሕረ ሐሳብ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአጽዋማትንና የበዓላትን ቀን የምታወጣበት ይህ ስሌት፣ ዛሬ በሒሳብ የቀሪ ስሌት የሚባለውን ሐሳብ፣ ማለትም አንድን ቁጥር በሌላ ከፍሎ ድርሻውን ትቶ ቀሪውን ብቻ መያዝን፣ የሒሳብ ትምህርት ላልተማሩ ደቀ መዛሙርት ለዘመናት ሲያስተላልፍ ኖሯል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በዚሁ ርእስ ባሳተሙት የአማርኛ መጽሐፍ ለሰፊው አንባቢ አቅርበውታል። የ2018 ዓ.ም. ስሌት አሠራሩን በቅርብ ያሳያል። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል፤ ይህ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ ከዚያ አንድ ሲቀነስ 12 ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 132፣ በሠላሳ ሲገደፍ፣ ማለትም ለሠላሳ ተካፍሎ ቀሪው ብቻ ሲያዝ፣ 12 ይሆናል፤ ይህ አበቅቴ ነው። ወንበሩ በ19 ሲባዛ 228፣ በሠላሳ ሲገደፍ 18 ይሆናል፤ ይህ መጥቅዕ ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 18 እሑድ ስለሆነ የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የተመደበው ተጨማሪ ቁጥር፣ 7 ተጨምሮበት መባጃ ሐመሩ 25 ይሆናል፤ ጾመ ነነዌም ጥር 25 ይገባል። በመባጃ ሐመሩ ላይ የፋሲካ ተውሳክ 9 ሲጨመር 34፣ በሠላሳ ሲገደፍ 4 ይሆናል፤ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን ይውላል ማለት ነው። በዚህ ሂደት ውስጥ አንድ የመፈተኛ ደንብ መኖሩ በተለይ ሊታይ ይገባል፦ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 መሆን አለባቸው፤ ካልሆኑ አስሊው ተሳስቷል። ወንበሩ በ11 እና በ19 የሚባዛው እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ተደምረው 30 ስለሚሆኑ ነውና፣ ደንቡ ከስሌቱ ባሕርይ የመነጨ እንጂ በልማድ የተጫነ አይደለም።

ስልተ ቀመር በኮምፒውተር ሳይንስ ማለት ከተወሰነ መነሻ ተነሥቶ በማያሻማ የእርምጃ ቅደም ተከተል ወደ መልስ የሚያደርስ መመሪያ ነው፤ ባሕረ ሐሳብ ደግሞ እርምጃው ተለይቶ የታወቀ፣ «ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት» የሚል ቅድመ ሁኔታ ያለው፣ የስህተት መፈተኛም የተበጀለት በመሆኑ የዚህን ፍቺ መስፈርት በሙሉ ያሟላል። ኮዲንግ ምን እንደሆነ ለአንድ የመርጌታ ተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መነሻ ማግኘት ያዳግታል።

ወላይታ በበኩሉ ጊፋታ አለው። የወላይታ ዘመን መለወጫ የሆነው ጊፋታ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባሉት ቀናት ውስጥ በሚውለው እሑድ ይከበራል፤ ሽማግሌዎቹም የጨረቃን መሙላትና መጉደል እየተከታተሉ ዘመኑን የመቁጠር ልማድ አላቸው። ከ14 እስከ 20 ያሉት ቀናት ሰባት ናቸው፤ ማናቸውም ተከታታይ ሰባት ቀናት ደግሞ አንድ እሑድ፣ ከአንድም የማይበልጥ እሑድ፣ የግድ ይኖራቸዋል፤ በመሆኑም ደንቡ በየትኛውም ዓመት በዓሉን ሳያስቀርና ሳይደግም አንድ ቀን ብቻ ይመርጣል። በሒሳብ የአንድ መልስ መኖርና ብቸኛ መሆን የሚባለውን፣ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ የሚታገሉበትን ሐሳብ፣ ይህ የበዓል ደንብ በተጨባጭ ይዞት ይገኛል። ሁለቱ የዘመን ስሌቶች፣ ባሕረ ሐሳብና ጊፋታ፣ በ2018 ዓ.ም. በመስከረም 18 እሑድ መገናኘታቸው ደግሞ ለአስረጂው ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ መቼ ዳግም እንደሚገናኙ መጠየቅ ብቻ አንድን የወጣቶች ማኅበር ለረጅም ሰዓት በቀሪ ስሌት ላይ ሊያሠራው ይችላል።

የገበጣ ጨዋታም ከዚሁ ወገን ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙ በርካታ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል። በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ባለው ገበጣ ዐሥራ አምስት ጠጠር ይዞ የሚዘራ ተጫዋች ዐሥራ ሁለቱን ጉድጓዶች ዞሮ በሦስተኛው ላይ እንደሚያበቃ ሳይዘራ አስቀድሞ ያውቃል፤ ይህም በባሕረ ሐሳብ የታየው የቀሪ ስሌት ነው። ተጫዋቹ ከዚያ አልፎ ባለጋራው የሚሰጠውን መልስ በአእምሮው ሲያመዛዝን የሚሠራው ሥራ፣ ኮምፒውተር ቼዝ ሲጫወት አማራጭን ከአማራጭ እያነጻጸረ ከሚሠራው ጋር በመሠረቱ አንድ ነው።

በዓለም ላይ «የኢትዮጵያ ማባዣ» በሚል ስም የሚታወቀው ዘዴ ደግሞ ወደ ኮምፒውተር ውስጣዊ አሠራር በቀጥታ ያስገባል። አንድ ነጋዴ 13 ኪሎ ቡና ኪሎውን በ24 ብር የሚገዛበትን የድሮ ዋጋ ለማስላት ቢፈልግ፣ በግራ በኩል 13ን እየገመሰ፣ ክፍልፋዩን እየጣለ፣ 13፣ 6፣ 3፣ 1 ብሎ ይወርዳል፤ በቀኝ በኩል 24ን እያጠፈ 24፣ 48፣ 96፣ 192 ብሎ ይወርዳል፤ በግራ ሙሉ ቁጥሩ ተጋማሽ በሆነበት መስመር፣ ማለትም በ6 አንጻር ያለውን 48 ይሰርዛል፤ የቀሩትን 24፣ 96 እና 192 ሲደምር 312 ያገኛል። የዘዴው ምስጢር 13 ማለት 8፣ 4 እና 1 ተደምረው መሆኑ ነው። በዜሮና በአንድ ብቻ የሚጻፈው የሁለትዮሽ የቁጥር ሥርዓትም በዚሁ ላይ የቆመ ሲሆን፣ የስልኩ ሒሳብ ማስያ የሚያባዛው በዚሁ መንገድ እያጠፈና እየደመረ ነው። ተመሳሳይ ዘዴ በጥንታዊት ግብፅም ሲሠራበት እንደነበረ ስለሚታወቅ ስያሜውን ለብቻ የመኩሪያ ምክንያት ማድረግ ከታሪክ ጋር ያጋጫል፤ ጥቅሙ ያለው መደመርና ማጠፍ ብቻ የሚያውቅ ሰው ማባዛትን ከምንም ተነሥቶ ሊገነባ እንደሚችል በማሳየቱ ነው።

ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ መስመሮች የሚፈራረቁበት ዱንጉዛ የተባለው የወላይታ የሽመና ልብስም በዚህ ረድፍ ይቆጠራል። ሸማኔው ድሩን ሲያደራ የእያንዳንዱን ቀለም ክር ቆጥሮ ይመድባል፣ የቆጠረውንም ቅደም ተከተል እስከ ጥበቡ ዳር ይደግማል፤ መወርወሪያው ማጉን ይዞ ሲመላለስ የእጁና የእግሩ እንቅስቃሴ የተወሰነ ዙር ይከተላል። በኮዲንግ ድግግሞሽ የሚባለው ትእዛዝ ይህንኑ የሚገልጽ ነው። በሸማኔው መሣሪያና በኮምፒውተሩ መካከል ያለው ዝምድናም የታሪክ ሐቅ ነው፤ ፈረንሳዊው ጃካር እ.ኤ.አ. በ1804 የሽመና ንድፍን በተበሳ ካርድ የሚመራ መሣሪያ ከሠራ በኋላ፣ ቻርልስ ባቤጅ ያንኑ ካርድ ላሰበው የስሌት መኪና ወስዶታል፤ አዳ ላቭሌስ እ.ኤ.አ. በ1843 ያሳተመችው ማብራሪያም ከዚህ መኪና ጋር የተያያዘ ነው።

የቋንቋው ጥያቄ

የትኛውም የማስረዳት ዘዴ ቢመረጥ የሚተላለፈው በቋንቋ ነው፤ በዚህ ረገድ ወላይታ ለመላ አገሪቱ ትምህርት የሚሆን ታሪክ አለው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በኋላ በዐሥራ አምስት ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን ወላይትኛ ከእነዚህ አንዱ ነበር፤ ዘመቻው ማንበብና መጻፍን ብቻ ሳይሆን ስሌትንም ያስተማረ በመሆኑ፣ የወላይታ ገበሬ በጽሑፍ የተደገፈ ሒሳብን በገዛ ቋንቋው በስፋት ያገኘበት አጋጣሚ ሆኗል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በበኩሉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰብ ቋንቋ እንዲሰጥ ደነገገ።

ከዚህ በኋላ የተፈጸመው የወጋጎዳ ጉዳይ የቋንቋን ክብደት በግልጽ አሳይቷል። በቀድሞው ሰሜን ኦሞ ዞን የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎችን በማቀላቀል በተዘጋጀ አንድ ቋንቋ የመማሪያ መጻሕፍት ታትመው ወደ ትምህርት ቤቶች ሲላኩ፣ በ1992 ዓ.ም. በሶዶ የሰው ሕይወት ያለፈበት ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ መጻሕፍቱ ተሰብስበው ቀሩ፣ ወላይታም ብዙ ሳይቆይ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ስለ ቋንቋና ማንነት ከተባለው በተጨማሪ ጉዳዩ ለዕውቀት አስረጂው የሚያስተምረው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሰው በሚናገርበት አፍ ያልቀረበለትን ዕውቀት እንደ ዕውቀት ሊቀበለው እንደማይችል ነው።

በቀድሞው የደቡብ ክልል ለረጅም ዓመታት የአፍ መፍቻ ቋንቋ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኖ የቆየው እስከ 4ኛ ክፍል ሲሆን፣ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብና ሳይንስ በእንግሊዝኛ ይሰጡ ነበር። በትምህርት ሚኒስቴር ጥያቄ በካትሊን ሂዩና በባልደረቦቿ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው አገር አቀፍ ጥናት፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩ ተማሪዎች በ8ኛ ክፍል በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት እንዳስመዘገቡ አረጋግጧል። በመሆኑም በወላይታ ክፍልፋይን፣ ተመጣጣኝነትንና ያልታወቀ መጠንን በወላይትኛ የሚያስረዳ ጽሑፍና ንግግር ገና በሚገባ ያልታረሰ መስክ ነው። ቋንቋው ለዚህ አይሰንፍም፤ ሃያን ላታማ፣ ሠላሳን ሀስታማ፣ አርባን ኦይታማ የሚለው የወላይትኛ አቆጣጠር ታማ የተባለውን ዐሥርን በየስሙ ውስጥ ይዞ ስለሚገኝ፣ የዐሥርዮሽ ሥርዓት ለልጁ በስሞቹ ውስጥ ተገልጦ ይታያል።

የሙያ ቃላት ጉዳይ ግን ማስተዋልን ይጠይቃል። በአማርኛ «ስልተ ቀመር»ን የመሰሉ ቃላት ሥር ሲሰድዱ፣ «ፋይል»ና «ኔትወርክ» ደግሞ እንዳሉ ተወርሰዋል። ለብዙኃን የሚጽፍ ሰው ለእያንዳንዱ የውጭ ቃል አዲስ ቃል ለመፍጠር ከመጣደፍ ይልቅ፣ ሐሳቡን መጀመሪያ በተራ ቋንቋና በምሳሌ አስጨብጦ ቃሉን በኋላ ቢያመጣ የተሻለ ውጤት ያገኛል፤ ስም የሚይዘው ሐሳቡ ቀድሞ ሲገባ ነውና።

በእጅና በአካል የሚሠራ ማብራሪያ

ሁለተኛው ወገን ኮምፒውተር ሳይንስን ያለ ኮምፒውተር የሚያስረዳው ነው። የኒውዚላንዱ ቲም ቤል ከኢያን ዊተንና ከማይክ ፌሎውስ ጋር በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ያዘጋጁት መርሐ ግብር በካርድ፣ በገመድና በኖራ የሚሠሩ ጨዋታዎችን ያቀፈ ሲሆን፣ መብራት በሚቆራረጥበትና ኮምፒውተር በማይዳረስበት ገጠር ሁሉ ሊሠራበት ስለሚችል ለወላይታ ወረዳዎች በተለይ ይስማማል።

ከጨዋታዎቹ አንዱን በለስላሳ መጠጥ ቆርኪ ማሳየት ይቻላል። አንድ ተሳታፊ ሃያ አምስት ቆርኪዎችን በአምስት ረድፍና በአምስት ዓምድ፣ ከፊሉን በፊቱ ከፊሉን በጀርባው፣ እንደፈለገ ይደረድራል። አስረጂው «ትንሽ ሰፋ እናድርገው» በሚል ሰበብ በእያንዳንዱ ረድፍና ዓምድ ጫፍ፣ በማዕዘኑም ጭምር፣ አንድ አንድ ቆርኪ ይጨምራል፤ ሲጨምር ግን በየረድፉና በየዓምዱ ፊታቸው የታየው ቆርኪዎች ቁጥር ተጋማሽ እንዲሆን እያደረገ ነው። ከዚያ ፊቱን ያዞራል፤ ተሳታፊው አንዱን ቆርኪ ይገለብጣል። አስረጂው ተመልሶ ጎዶሎ የሆነውን ረድፍና ጎዶሎ የሆነውን ዓምድ ሲያይ፣ ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ያለው ቆርኪ የተገለበጠው እንደሆነ ወዲያው ይናገራል። ተመልካቹ መጀመሪያ አስማት ይመስለዋል፤ ምስጢሩ ሲገለጥለት ግን ኮምፒውተሮች መልእክት ሲለዋወጡ በመንገድ ላይ የተበላሸን ቁጥር የሚለዩት ተጨማሪ መፈተኛ ቁጥር እያያያዙ መሆኑን ይረዳል። ይኸው ሰው አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 መሆን አለባቸው የሚለውን ደንብ ቀድሞ ያውቅ ከነበረ፣ አንድ ሐሳብ በሁለት ልብስ መምጣቱን ያስተውላል።

በሩማንያ የሚገኘው የሳፒየንሺያ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ቁጥሮችን በቅደም ተከተል የመደርደር ስልተ ቀመሮችን በአካባቢው ባህላዊ ጭፈራ አሳይተዋል፤ ቁጥር በደረታቸው የለጠፉ ጨፋሪዎች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ይነጻጸራሉ፣ ታናሹ ወደ ፊት ታላቁ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ሙዚቃው ሲያልቅ ሰልፉ ተስተካክሎ ይገኛል። በጊፋታ ሰሞን ወጣቱ በሚሰበሰብበት በወላይታ ይህ ሐሳብ ያለ ምንም ገንዘብ ወደ አደባባይ ሊወጣ የሚችል ነው፤ የሚፈለገው ስልተ ቀመሩን የሚያውቅ ተማሪና ጭፈራውን የሚያውቅ አዛውንት አብረው መቀመጣቸው ብቻ ነው።

ማያና የራዲዮ ሞገድ

ሦስተኛው ወገን በመገናኛ ብዙኃን የሚደርሰው ነው። በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ ሁለት ተቃራኒ ልምዶች አሏት። አንደኛው እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተዘረጋው፣ በተለምዶ ፕላዝማ የሚባለው የሳተላይት ትምህርት ነው። ሒሳብና ሳይንስ በእንግሊዝኛ ተቀርጸው በአንድ ሰዓት ለመላ አገሪቱ ይተላለፉ ነበር፤ ተማሪው ባይገባው ማያው አይቆምለትም፣ የመምህሩ ድርሻም በክፍለ ጊዜው መጀመሪያና መጨረሻ ባሉ ጥቂት ደቂቃዎች ተወስኖ ቀረ። ትምህርቱ በሥዕልና በእንቅስቃሴ የበለጸገ ቢሆንም፣ አድማጩን ጠያቂ የማድረግ ዕድል ስላልሰጠ የታሰበለትን ያህል አላፈራም።

ሁለተኛው ብሩክታዊት ጥጋቡና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የጀመሩት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ነው። ዋና ገጸ ባሕርይዋ ትንሽ ቀጭኔ የሆነችው ይህ የአሻንጉሊት ፕሮግራም ቁጥርንና ፊደልን በልጆች ቋንቋና በቤተሰብ ኑሮ ውስጥ አስገብቶ በማቅረቡ፣ ለብዙ ሕፃናት የመጀመሪያው የትምህርት ወዳጅ ለመሆን በቅቷል። ሁለቱ በአንድ ማያ የቀረቡ ሆነው ውጤታቸው የተለያየው መነሻቸው የተለያየ ስለነበረ ነው፤ አንዱ ከመጽሐፉ ተነሣ፣ ሌላው ከልጁ።

በሌላው ዓለም ግራንት ሳንደርሰን እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በሚያሰራጨው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ከፍተኛ ሒሳብን ለሚሊዮኖች ማሳየቱ፣ ከእርሱም በፊት ማርቲን ጋርድነር እ.ኤ.አ. ከ1956 አንሥቶ ለሩብ ምዕተ ዓመት በመጽሔት ያቀረበው የሒሳብ ጨዋታ ዓምድ ብዙዎችን ወደ ሙያው መሳቡ ይታወቃል። በወላይታ ግን በስፋት የሚደርሰው ራዲዮ ነው። በድምፅ ብቻ የሚቀርብ ሒሳብ ከባድ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድን እንቆቅልሽ ማታ ጠይቆ መልሱን በሳምንቱ የሚሰጥ፣ አድማጩም በስልክ መልስ ከነምክንያቱ የሚያቀርብበት ፕሮግራም፣ ጋርድነር በጽሑፍ የሠራውን በድምፅ ሊሠራ ይችላል። ከሶዶ የሚተላለፉ የኤፍ ኤም ጣቢያዎች በወላይትኛ መናገራቸው ለዚህ ትልቅ አቅም ነው።

ማዕከላት፣ ውድድሮችና ትርኢቶች

በአራተኛው ወገን የሚመደቡት በቦታ የተወሰኑ ተቋማት ናቸው። ስቴምፓወር የተባለው ድርጅት ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመሆን በአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍሎች የከፈታቸው የሳይንስና የቴክኖሎጂ ማዕከላት፣ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው የሳይንስ ሙዚየም፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የተመሠረተው አይኮግ ላብስ ልጆችን ኮዲንግ ለማስተማር የጀመረው መርሐ ግብርና የፈጠራ ውድድር የዚህ ወገን ምሳሌዎች ናቸው። በሶዶም በወላይታ ልማት ማኅበር የሚተዳደረው ሊቃ ትምህርት ቤት በተማሪዎቹ ውጤት የታወቀ ነው።

እነዚህ ተቋማት ብርቱ ወጣቶችን ከማፍራት አንጻር የሠሩት ሥራ ከፍተኛ ነው፤ የሚደርሱት ግን በአብዛኛው ቀድሞውኑ ዝንባሌ ወዳለው ተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሶፊያ የተባለችው ሮቦት አዲስ አበባ በመጣች ጊዜ የነበረው የሕዝብ ስሜት ሌላውን ገጽታ ያሳያል፤ ሁሉም ስለ ሮቦቷ ተናገረ፣ ሮቦቷ ንግግር የምታወጣበት ስሌት ግን ለብዙዎች እንደተሸፈነ ቀረ። ትርኢት በር ይከፍታል፤ በበሩ የገባውን ሰው የሚቀበል ማብራሪያ ካልተዘጋጀ ግን ተመልካቹ ቴክኖሎጂን ከእርሱ አቅም በላይ የሆነ ነገር አድርጎ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ምን ይነገር?

ስለ ዘዴ ብዙ ሲባል ስለ ይዘት የሚባለው ጥቂት ነው። ለብዙኃን የሚቀርበው ርእስ ከሚያስደንቀው ይልቅ ከሚጠቅመው ቢጀምር ይመረጣል፤ ከሁሉም ይልቅ የሚጠቅመው ደግሞ በእጥፍ የሚያድግን ነገር መረዳት ነው። ሰው እየመለመሉ ትርፍ ማግኘት ይቻላል በሚሉ ማታለያዎች የሚጠፋው የድሃ ገንዘብ በአንዲት ስሌት ሊድን ይችላል። እያንዳንዱ አባል ስድስት ሰው እንዲያስገባ ከተጠየቀ፣ በመጀመሪያው ደረጃ 6፣ በሁለተኛው 36፣ በሦስተኛው 216 ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ በዐሥረኛው ደረጃ ቁጥሩ 60,466,176 ይደርሳል፤ በዐሥራ አንደኛው 362,797,056 ሆኖ ከመላው የኢትዮጵያ ሕዝብ በእጅጉ ይበልጣል። እንግዲህ በመጨረሻ የገቡት፣ እነርሱም ከሁሉም የሚበዙት፣ ገንዘባቸውን ማጣታቸው የአስተባባሪው ክፋት ብቻ ሳይሆን የቁጥሩ ግዴታ ነው። ከአንድ የእንሰት ግንድ ብዙ ችግኝ ማፍላትን የሚያውቅ የወላይታ ገበሬ የእጥፍ ዕድገትን ባሕርይ በተግባር ያውቃል፤ ችግኞቹ እያደጉ በተዛወሩ ቁጥር የሚጠይቁት መሬት መስፋቱን፣ መሬቱም ወሰን እንዳለው ያውቃል። አስረጂው የሚሠራው ይህን ዕውቀት ወደ ገንዘቡ ጉዳይ ማሻገር ነው።

ጥንቃቄ የሚገባቸው ስህተቶች

በዚህ ሥራ ላይ የሚነሡ ሥጋቶች በሦስት ይጠቃለላሉ። የመጀመሪያው ማቅለል ወደ ማዛባት መለወጡ ነው፤ ሐሳብን ማሳጠር ይፈቀዳል፣ ሐሰት እስከመሆን ድረስ ማቅለል ግን አድማጩን መናቅ ነው። ሁለተኛው ባህልን ጌጥ ማድረግ ነው፤ የዱንጉዛን ሥዕል በመጽሐፍ ሽፋን ላይ አትሞ በውስጡ ሸማኔው ስለሚሠራው ቆጠራ አንድም ቃል አለመናገር ባህሉንም ሒሳቡንም አይጠቅምም። ሸማኔው፣ ገበጣ ተጫዋቹና የጊፋታን ቀን የሚቆጥሩት ሽማግሌ የዕውቀቱ ባለቤቶች ሆነው መቅረብ አለባቸው፤ ስማቸው ሳይጠራ ዕውቀታቸው ብቻ መወሰዱም ተገቢ አይደለም። ሦስተኛው ውጤትን በተሰብሳቢ ቁጥር መለካት ነው። አንድ መርሐ ግብር ስንት ሰው እንዳዳረሰ መቁጠር ቀላል ነው፤ የሚያስፈልገው መለኪያ ግን ተሳታፊው ያየውን ስሌት በሌላ ቁጥር ራሱ ሊሠራውና ለሌላ ሰው ሊያስረዳው መቻሉ ነው።

ማጠቃለያ

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ዩኒቨርሲቲዎችን የማኅበረሰብ አገልግሎት እንዲሰጡ ግዴታ ይጥልባቸዋል፤ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም የሒሳብና የኮምፒውተር ሳይንስ መምህራንና ተማሪዎች አሉት። ለዚህ ዳሰሳ ርእስ የሚመጥን ሥራ ለመጀመር ከዚህ የተለየ አዲስ ተቋም መመሥረት አስፈላጊ አይደለም። በእያንዳንዱ ሴሚስተር ጥቂት ተማሪዎች አንድን የትምህርታቸውን ሐሳብ መርጠው፣ በአካባቢው ካለ የሙያ ባለቤት ጋር አብረው አጥንተው፣ በወላይትኛና በአማርኛ ለገበያተኛ፣ ለዕድርተኛ ወይም ለራዲዮ አድማጭ እንዲያቀርቡና አቀራረባቸውም እንደ ፈተና እንዲመዘን ቢደረግ፣ ሕዝቡ ዕውቀት ያገኛል፤ ተማሪዎቹም የያዙት ሐሳብ በእውነት የገባቸው መሆኑን ይፈትሻሉ። አንድን ሐሳብ ለማያውቀው ሰው በራሱ ቋንቋ ማስረዳት ያልቻለ ባለሙያ ሐሳቡን ገና ሙሉ በሙሉ አልያዘውም።

በባሕረ ሐሳብ፣ በገበጣ፣ በሽመናና በጊፋታ ቀን አቆጣጠር ውስጥ የታየው ሁሉ አንድ ነገር ያረጋግጣል፤ ስሌት በዚህ አገር ከውጭ የመጣ እንግዳ አይደለም፤ ሕዝቡም ስሌትን የመረዳት ችሎታ አንሶት አያውቅም። ያነሰው ባለሙያው ወደ ሕዝቡ ሄዶ፣ ሕዝቡ ከሚያውቀው ተነሥቶ፣ የማያውቀውን በእጁ እያስጨበጠ የሚያስረዳበት የታሰበበትና ቀጣይነት ያለው ጥረት ነው። ወላይታ ይህን ጥረት ለመጀመር የሚያስፈልገው ቋንቋ፣ ልማድና ዩኒቨርሲቲ በአንድ ከተማ ዙሪያ ስላሉት፣ ሥራው እዚያ ቢጀመር ለሌሎች አካባቢዎችም የሚቀዳ አርአያ ሊሆን ይችላል።